ለልጁ ምኑ ነዎት?

ታካማትሱ፣ እሑድ ማርች 9 ቀን 2025

ለታናሽ እህቴ ለሳዋኮ

እንዴት ከረምሽ? የኖሪያኪ ወገብ ተሻለው? ሪካስ ፈተናዋን ጨረሰች? ይህን የምጠይቅሽ እናታችን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ ስለማንም ጤና የምሰማበት ልብ የለኝም። ተቆጥቻለሁ። ይበርድልኛል ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሌላ ሳምንት ጨመርኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ባለፈው አፌን እንደከፈትኩ ዘጋሽብኝ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀጂው እንኳ አንብበሽ ነው የምትቀጂው። ያንቺን ነገር ማን እንደኔ ያውቃል? ከልጅነትሽ ጀምሮ የታሸገ ነገር አይተሽ ሳትከፍቺ አልፈሽ አታውቂም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

የአባታችንን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ቦታ አምና መሸጤን ታውቂያለሽ። ያንቺን ድርሻ አባታችን የሞተ ጊዜ ስለወሰድሽ በዚያ የምንጣላበት ነገር የለም። ረጅሙ ጭስ ማውጫ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ታዲያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ስለ ሽያጩ ሊጠይቀኝ ጠራኝና ሄድኩ። በሽያጩ አንድም እንከን አልተገኘም። ያነጋገረችኝ ወይዘሮ ኩኒሳዳ የምትባል፣ በኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ እሷ ላይ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

ልነሳ ቦርሳዬን ስይዝ፣ «ወይዘሪት ናጋኦ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ። «በየዓመቱ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ይልካሉ። የማን ነው?»

«የሶሄይ ነዋ! ኦካያማ ፋርማሲ ይማራል። አምስተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው» አልኳት። ኩራቴ ከድምፄ ቀድሞ ወጥቶ መሆን አለበት፣ ፈገግ አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ለልጁ ምኑ ነዎት?»

ሳዋኮ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። በሰፈራችን ማን ይጠይቃል? ሁሉም ያውቃል። 

«አክስቱ ነኝ።»

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ እንደ ጎረቤት ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳችኝ። እናት ወይም አባት፣ አያት፣ እህት ወይም ወንድም ለልጅ ትምህርትና ሕክምና በሚያስፈልግበት ሰዓት ቢከፍሉ ስጦታ አይባልም፤ ማሳደግ ነው፣ ግብር የለውም። አክስት ግን አክስት ናት። ልጁ ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ ድስት እየበላ የሚኖር ከሆነ ያው እንደ ወላጅ ይቆጠርላታል። ካልሆነ ግን የከፈለችው ሁሉ ስጦታ ነው፤ ከተፈቀደው ልክ ያለፈው ደግሞ የስጦታ ግብር አለበት።

«እሺ፣ እከፍላለሁ» አልኳት።

«እርስዎ አይደሉም የሚከፍሉት። ተቀባዩ ነው።»

«ተቀባዩ ማነው?»

«ልጁ።»

ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «የኔ እመቤት፣ ይህ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ከኔ ድስት ነው የበላው። ያውም ጨው ያልገባበት ድስት!»

«አውቃለሁ፣ ይታያል» አለችኝ። «እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ መዝገቡ ላይ ከእርስዎ ጋር ነው። ለሕክምናው ያወጡትን ማንም አይነካም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን አድራሻው ናጎያ ወላጆቹ ቤት ተዛውሯል፤ አባቱም በሥሬ የሚተዳደር ልጅ ነው ብለው በየዓመቱ ከግብራቸው ያስቀንሱበታል። እርስዎ መክፈል የጀመሩት ደግሞ ልክ ከዚያ ወዲህ ነው። በወረቀቱ አባባል እርስዎ ላለፉት አምስት ዓመታት ሌላ ቤት ላለ ልጅ ገንዘብ የሚሰጡ ዘመድ ነዎት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ያን ዕለት አሰብኩ፤ ሶሄይን ከባንኮክ ይዘሽው የመጣሽ ዕለት። ኩላሊቱ ፕሮቲኑን ሁሉ ከሽንቱ ጋር እያፈሰሰ፣ ዓይኑ እስኪደፈን አብጦ፣ ጫማው አልገባ ብሎት በባዶ ካልሲ ከአውሮፕላን ወርዶ። ሁለት ወር ከኛ ጋር ተኛሽ። ከዚያ የሦስት ዓመት ልጅሽ ሪካ ባንኮክ «እማዬ» እያለች ስትጮህ፣ ባልሽ ኖሪያኪ ሥራና ልጅ አብሮ አልሆንለት ሲል፣ መሄድ ነበረብሽ። ሄድሽ። በሄድሽ ማግስት የትራስ ልብስሽን ላጥበው ሳነሳ እርጥብ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ላንቺም ለማንም አልተናገርኩም። ጥላ ሄደች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሲሉም ሰምቼ ዝም አላልኩም። የዓሣ ሻጩ ሚስት አንድ ጊዜ ነገር ቢጤ ልትወረውር ስትሞክር ምን እንዳልኳት እሷን ጠይቂያት፤ ከዚያ ወዲህ ከሱቋ ዓሣ አልገዛሁም።

እዚህ ከተማ፣ የኡዶን ፓስታ በየመንገዱ በሚቀቀልበት፣ የሰው ሁሉ ቁርስና ምሳ መረቅ በሆነበት አገር፣ ለኩላሊቱ ጨው ተከልክሎ መረቅ የማይጠጣ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጓደኞቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ኡዶን ቤት ሲገቡ እሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። አንድ ቀን አየሁትና ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ጨው ተውኩ። እሱ እየበላ እኔ ሌላ ሳህን አልይዝም አልኩ። የዘይቱን፣ የሎሚውን፣ የሰሊጡን ብልሃት እየተማርን አብረን አልጫ በላን። መድኃኒቱ ፊቱን እንደ ሙሉ ጨረቃ ሲነፋው፣ ትምህርት ቤት «ዱባ» እያሉ ሲያሾፉበት፣ መታጠቢያ ቤታችን የሚመጡት አሮጊቶች ናቸው ያቆሙት። አንዷ ሰውነቷን እያሸች «አንተ ልጅ፣ ዱባ ነህ አሉህ? እኛ ዘንድ ዱባ የሚበላው በብርድ ወራት ነው፤ ሰውን ከጉንፋን ያድናል፤ በላቸው!» ብላው ሲስቅ ሰማሁት። ከመጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ያን ሳቅ ስሰማ አንቺ አልነበርሽም። ጥፋትሽ ነው አላልኩም። አልነበርሽም ነው ያልኩት።

አሥራ አምስት ሲሞላው ተመልሳችሁ ናጎያ ገባችሁ። «ይምጣልን» አላችሁ። እኔ «እሱን ጠይቁት» አልኩ። እሱ «ሐኪሜን መቀየር አልፈልግም» አለ። ሐኪሙን ነው ያለው ሳዋኮ። እኔን አላለም። አንቺን እንዳይከፋሽ የመረጠው ቃል እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል፣ ላንቺም ገብቶሻል።

ደግሞ መዝገቡ እንዴት ናጎያ እንደሄደ እንዳትረሺው። ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ጊዜ ደወልሽልኝ። «እትዬ፣ የሃያ ዓመት የአካለ መጠን በዓሉን እኛ ጋ ያክብር። መዝገቡ እዚህ ካልሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ጥሪ አይልክለትም። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ እናት በእጄ ላልብሰው» አልሽኝ። አለቀስሽ። አንጀቴን በላሽው። «አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ ውሰጂው» አልኩሽ። የኖሪያኪ መሥሪያ ቤት በልጅ ቁጥር አበል እንደሚጨምር፣ ግብሩም እንደሚቀነስለት በዚያ ቀን አልነገርሽኝም። ብትነግሪኝም እሺ እል ነበር! እሱ ነው የሚያናድደኝ! ስትጠይቂኝ እሺ የማልልሽ ነገር መቼ ነበር? የቤታችሁ ዕዳ ከብዷል፣ የሪካ ትምህርት ቤት ውድ ነው ስትዪኝ የሶሄይን እኔ ልክፈል ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም፤ ሰው ስጦታ ይበለው ሌላ፣ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ወይዘሮ ኩኒሳዳ መውጫ ቀዳዳ ሰጠችኝ። «ወላጆቹ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም ኑሮው የተያዘው በእርስዎ ቤት እንደነበር ጽፈው ቢያረጋግጡ፣ እኔም ለአለቆቼ የማቀርበው ነገር አገኛለሁ» አለችኝ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው የደወልኩልሽ፤ ቤት እስክገባ እንኳ አልታገስኩም። ያልሽኝን ረስተሽ ከሆነ ላስታውስሽ፤ እኔ ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ምን ብዬ ልጻፍ እትዬ?»

«የሆነውን። በእረፍቱ የሚገባው እዚህ ነው። ልብሱ እዚህ ነው። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ እዚህ ነው። ሁለት መስመር ነው፣ ሳዋኮ።»

«ኖሪያኪን ልጠይቀውና።»

በማግስቱ ደወልሽ። «አይሆንም አለ። አምስት ዓመት ያስቀነሰውን ሊጠይቁት ነው። ቢሮው ቢሰማስ? ጡረታው እኮ ቀርቧል።»

«ታዲያ ልጅሽ ባላጠፋው ይክፈል?»

«አንቺ ትከፍይለት የለ እንዴ? ገንዘብ አለሽ፤ ቦታውን ሸጠሻል።»

ይህን ዋጥኩት። ምስክሬ እግዜር ነው፣ ዋጥኩት። «ስለ ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡ ተራራ አይደለም» አልኩሽ። አንቺ ግን ቀጠልሽ።

«ለነገሩ አንቺ የምትፈልጊው ሌላ ነው። 'ልጄን ያሳደግኩት እኔ አይደለሁም' ብዬ በእጄ እንድፈርም ነው የምትፈልጊው። ሁልጊዜም እሱን ነው ስትጠብቂ የኖርሽው!»

«ሳዋኮ—» ከማለቴ ዘጋሽው።

እስከዚህ ድረስ እንኳ ይቅር ባልኩሽ ነበር። ሰው ሲፈራ ያገኘውን ይወረውራል፤ አንቺ ደግሞ ስትፈሪ ሁልጊዜ ድንጋይሽ ትልቅ ነው። በሳምንቱ ግን ወይዘሮ ኩኒሳዳ ጠራችኝ። ለወላጆቹ ደውላ ነበር፤ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። የመለስሽላትን አነበበችልኝ። ስታነብልኝ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም፤ አፍራልኝ ይመስለኛል።

«እህቴ አልፎ አልፎ በደግነት የምትረዳን ዘመድ ናት። ልጁን ያሳደግነው እኛ ነን።»

አልፎ አልፎ!

ሳዋኮ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ዝናብ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው! ሽንቱን በየጠዋቱ እየመረመርኩ ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር ሐኪም ቤት ስሮጥ የኖርኩት አልፎ አልፎ ነው? በአሥራ ሦስት ዓመቱ ትምህርት ቤቱ ኪዮቶ ሊወስዳቸው ዋዜማው ላይ እግሩ ማበጥ ጀምሮ፣ እንዳላይበት ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቦ ተኝቶ፣ እኔም አውቄ፣ ካልሲውን አንድ በአንድ ሳወልቅለት ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ፣ እኔ አልፎ አልፎ የምረዳ ዘመድ ነበርኩ? «አክስቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ታማሚ ያልሆነ ልጅ ልሁን» ሲለኝ አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺ ነበር? እኔ ኮቱን አለበስኩትና ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ ዝምታውን ተሸክሜ እየተመላለስኩ ሩዙን አበላሁት። እናት ማለት ይጠላኛል ብላ ሳትፈራ ሆስፒታል የምትወስድ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ይቅርታ። በቁጣ ብዕሬን ተጭኜው ነው ወረቀቱ እዚህ ላይ የተበሳው።

አሁን ወደ ሶሄይ ልምጣ። አንቺ ባትነግሪውም የግብሩ ደብዳቤ በስሙ ነው የደረሰው። ተቀባይ እሱ አይደል? ባለፈው ቅዳሜ ሳይነግረኝ ከኦካያማ በባቡር መጣ። በሩን ስከፍት ቆሞ አገኘሁት፤ ረጅም ሆኗል፣ ከስቷል፣ ፂም ቢጤ አብቅሏል፤ አላማረበትም፤ ነገርኩት።

«መጀመሪያ አስገቢኝ፣ ከዚያ ስደቢኝ» አለኝ።

ኡዶን ቀቀልኩለት። ሐኪሙ ከፈቀደለት ቆይቷል፣ ጨው ይበላል፤ ግን እስከ ዛሬ መረቁን አይጨርስም። በላ። ሳህኑን አጠበ። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ «ከፍዬዋለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ግብሩን። ትናንት አስታውቄ ከፈልኩ። በመድኃኒት መደብር ስሠራ ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ የጎደለውን ደግሞ ከጓደኛዬ ተበደርኩ።»

ጠረጴዛውን መታሁት። «ማን ክፈል አለህ? እኔ ልከራከር ነበር! ይግባኝ ልል ነበር!»

«በማን ላይ? በእማዬ ላይ?»

ዝም አልኩ።

«ብትከራከሪ እኮ ታሸንፊ ይሆናል» አለኝ። «ግን እማዬን መሥሪያ ቤት አስቀምጠው ልጅሽን አሳድገሻል ወይ ብለው እንዲጠይቋት አልፈልግም። ለዚያ ነው የከፈልኩት። ርካሽ ነው።»

ይሰማሻል ሳዋኮ? ዋሽተሽ ላዳንሽው ስምሽ የከፈለው ማን እንደሆነ ይኸው። የበላ ሌላ፣ የተመታ ሌላ። በሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብሎ ልጅሽ የጉልበቱን ከፈለ። እኔ ብሆን አልከፍልልሽም ነበር። ከየት እንደተማረው አላውቅም፤ ከኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ምናልባት ካንቺ ይሆናል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አባታችን ሊቆጣኝ ሲል መካከል ገብተሽ የምታለቅሺው አንቺ ነበርሽ።

ከዚያ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ነው። አነበብኩት። የጉዲፈቻ ማስታወቂያ ነው። የልጅ ቦታ ላይ ስሙን ሞልቷል፣ ፈርሟል። የእናት ቦታው ባዶ ነው።

አንቺ አሁን እንደምትቆጪው እኔም ተቆጣሁ። ከዚህም የባሰ ተቆጣሁ። «ለግብር ብለህ ነው እናት የምታደርገኝ? የመጨረሻው ዓመት ክፍያ ግብር እንዳይበላው? ውጣልኝ! እኔ የቅናሽ ኩፖን አይደለሁም!»

ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። «አክስቴ፣ ለግብር ቢሆን ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት ነበር የማመጣው። ወይዘሮ ኩኒሳዳን ጠይቄያታለሁ፤ ያለፈውን አይመልሰውም ብላኛለች። የሚቀጥለውን ዓመት ደግሞ ራሴ እከፍለዋለሁ፤ ብድር ፈቅደውልኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ፣ «ከአዲስ ዓመት በኋላ ባቡር ጣቢያው ላይ ወድቀሽ ነበር» አለኝ።

ይህን ላንቺ አልነገርኩሽም። ለእሱም አልነገርኩትም ነበር። ትንሽ ነገር ነው፣ ልብሽ አይደንግጥ፤ ልቤ ምቷን ትዘላለች ነው የሚሉት፤ ሁለት ሌሊት አሳድረው ለቀቁኝ፤ በጸደይ ምቷን የሚጠብቅ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ያስገቡልኛል፤ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያስገባው ነው አሉ። የነገረው ያሱታኬ ነው፤ አባታችን መታጠቢያ ቤት እሳት ያነድ የነበረው ሽማግሌ፣ ታስታውሺዋለሽ። ሆስፒታሉ የደወለው ለእሱ ነበር።

«ለምን ለሱ እንደደወሉ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሶሄይ። «ቤተሰብ ተብሎ በተጠየቀው ቦታ 'የለም' ብለሽ ስለሞላሽ ነው።»

«አክስትና የእህት ልጅ…» ብዬ ጀመርኩ።  ምን ልበለው? መሥሪያ ቤቱ 'ምኑ ነዎት?' ብሎ ሳይጠይቀኝ በፊት እኔው 'ምንም' ብዬ መልሼዋለሁ ልበለው?

«እማዬ 'አልፎ አልፎ' አለች፣ አንቺ 'የለም' አልሽ» አለኝ። ድምፁ ተቆጥቶ ነበር፤ በሁለታችንም ላይ። «ሁለታችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም። በጸደይ ያን ነገር ሲያስገቡልሽ ማን ነው የሚፈርመው? የሆስፒታሉንስ እኔ ብከፍልልሽ? የእህት ልጅ ነው ብለው ደግሞ አንቺን የስጦታ ግብር ያስከፍሉሽ ይሆናል!» አለና እንደገና ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆመለትም፣ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ፊት እንደዚያ ያለቀሰው ካልሲዎቹን ያወለቅኩለት ዕለት ብቻ ነበር።

ያን ዕለት አልፈረምኩም። «ለእናትህ ሳልነግራት አልፈርምም» አልኩት። «እሷ ሳትነግርሽ አይደል አልፎ አልፎ ያደረገችሽ?» አለኝ። «እሷ እሷ ናት፣ እኔ እኔ ነኝ» አልኩት። በማግስቱ ሲሄድ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ «አክስቴ፣ እማዬን የምቀይራት እንዳይመስላት። አንድ ሰው ሁለት እናት ቢኖረው ማንንም ግብር አያስከፍልም» አለኝ። ንግግር አሳማሪ ሆኗል። ፋርማሲ ይህን ያስተምራል?

ከሄደ በኋላ ፈረምኩ። የነገርኩሽ ከፈረምኩ በኋላ ስለሆነ ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ፈቃድ እየጠየቅሁሽ አይደለም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላው ሰው የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ ሕጉ ነው ያለው። ስሙ ናጋኦ ይሆናል፤ ኖሪያኪ በዚህ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ያስቀነሰው ግብር ያጽናናዋል። አንቺ ግን የወለድሽው አንቺ ነሽ፤ ያንን የትኛውም መሥሪያ ቤት አይሰርዘውም፤ መዝገቡ ላይ ስምሽ ካለበት አይነቀነቅም፤ ጠይቄ ነው የምነግርሽ። እናትነትሽን ልወስድ ብፈልግ ኖሮ፣ ሳዋኮ፣ ያኔ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በየእሑዱ ስልኩን ጆሮው ላይ እየለጠፍኩ «እናትህ ናት፣ አናግራት» ባላልኩት ነበር። አልናገርም ብሎ ከጠረጴዛ ሥር ሲገባ እኔም ተከትዬው ከጠረጴዛ ሥር እየገባሁ ነው ስልኩን የያዝኩለት። አንቺ የሰማሽው ድምፁን ነው። እኔን አልሰማሽኝም፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ቁጣዬ አልወጣልኝም። ይህን ሁሉ ጽፌ እንኳ አልወጣልኝም። ብትመጪ ፊት ለፊት እጮህብሻለሁ፤ አንቺም ጩኺብኝ፤ ጎረቤት ይስማ። በስልክ ግን አልችልም፤ ከዘጋሽው በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ዕድሜዬ አይችለውም።

ማዘጋጃ ቤት የምናስገባው ማክሰኞ ማርች 25 ነው፤ ሶሄይ ያን ቀን ትምህርት የለውም። ወረቀቱ የሁለት ምስክር ፊርማ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ያሱታኬ ፈርሟል። ለሁለተኛው ሰው አላጣሁም፤ ፀጉር አስተካካዩ «እኔ አለሁ» ብሎኛል፣ የሩዝ ነጋዴዋም እንደዚያው። እሺ አላልኳቸውም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ብትቀጂው ሶሄይ ሌላ ያመጣል።

ብርዱ ገና አልለቀቀምና ደረትሽን ሸፍኚ። ሪካን ሳሚልኝ። ቤትሽን ሰላም ያድርገው፤ እኔን የሚያስቆጣኝ ሰው ዕድሜው ረጅም ይሁን፤ ያለእሱ ማንን እቆጣለሁ?

ታላቅ እህትሽ
ፉሚኤ

ከፊርማው ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጌልሻለሁ፤ መነጽርሽን ሳታደርጊ መስመሩን እንዳትስቺ።